የጡንቻ ባዮፕሲው «ያልተለመደ ግኝት» ይላል፤ ታዲያ ፖሊማዮሳይቲስ ነው ወይስ ሌላ?

የአባቷ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ከወንበር ለመነሳት በእጃቸው መደገፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸው ድንገት ይከዳቸዋል፤ ወድቀውም ያውቃሉ። መጀመሪያ የታከሙበት ቦታ ሲኬ (ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛ ኢንዛይም) ከፍ ብሎ ተገኘ። ኢኤምጂውም (በመርፌ የሚደረገው የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ችግሩ ከጡንቻ ነው አለ። ፖሊማዮሳይቲስ (የጡንቻ ብግነት በሽታ) ተባለና ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ተጀመረ፤ ኋላ ሜቶትሬክሴት ተጨመረበት። ሲኬው ወረደ። ሐኪሙ «ጥሩ ነው» አሉን። አባቴ ግን ጠብ የሚል ለውጥ አላዩም። ፊታቸው አበጠ፣ ስኳራቸው ከፍ አለ፣ ጭናቸው እየከሳ ሄደ።

አሁን ሌላ ሐኪም ከጭናቸው ባዮፕሲ (የጡንቻ ቁራጭ ናሙና) አስወሰዱላቸው። ውጤቱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«በጡንቻ ክሮች መካከል ብግነት አለ። ሲዲ8 ሴሎች ያልሞቱ ክሮችን ወርረዋል። ኮክስ-አልባ ክሮች ለዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ይታያሉ። ጠርዛማ ቫኩዮል አልታየም። ያልተለመደ ግኝት፤ ከሕመም ምልክቱ ጋር ይገናዘብ።»

ኮክስ-አልባ ምንድን ነው? ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የማይቶኮንድሪያ በሽታ፣ በዘር የሚተላለፍ ምናምን ይላል። እኔም ወንድሞቼም ልንመረመር ነው? ቀጠሯችን ገና ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ።

ተጠራጣሪው

አትጨነቂ እህቴ። በዚያ ዕድሜ ማይቶኮንድሪያ ይደክማል። የማንኛውንም ሽማግሌ ጡንቻ ብትቆርጪ አንድ ሁለት እንደዚያ ያለ ክር አይጠፋም። ፓቶሎጂስት ያየውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሥራው ነው። ዋናው ብግነት መኖሩ ነው። ፖሊማዮሳይቲስ ነው ብለዋል፣ መድኃኒቱን ይጨምሩላቸው።

የሌሊት_ተረኛ

ኒውሮሎጂ ላይ ነው የምሠራው። አባትሽን አላየኋቸውም፤ ስለዚህ የምናገረው ወረቀቱ ላይ ስላለው ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው ግማሹ ልክ ነህ። ከ50 ዓመት በኋላ አልፎ አልፎ ኮክስ-አልባ ክር ማየት የተለመደ ነው። ሪፖርቱ ግን «ለዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ» ነው የሚለው። ይህችን ቃል መዝለል አይቻልም። «መድኃኒቱን ይጨምሩላቸው» የሚለው ላይ ደግሞ ጭራሽ አልስማማም።

እህቴ፣ ኮክስ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ የኃይል ማመንጫ ኢንዛይም ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ቀለም ተደራርቦ ይቀባል። ኢንዛይሙ ያለው ክር ቡናማ ይሆናል። የጎደለው ክር ግን ሰማያዊ ሆኖ ከቡናማዎቹ መሐል ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ሪፖርቱ የሚያወራው ስለነዚያ ሰማያዊዎች ነው።

የዘር ጉዳይን በተመለከተ፦ ከብግነት ጋር አብሮ ሲመጣ ይህ ለውጥ ብዙውን ጊዜ በሕይወት ዘመን እዚያው ጡንቻ ውስጥ የተፈጠረ ጉዳት ነው። ለልጅ የሚተላለፍ አይደለም። የማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ ደግሞ ቢወረስም የሚወረሰው ከእናት ነው። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አትጪ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፖሊማዮሳይቲስ የሚመስል ብግነት (ሲዲ8 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ጡንቻውን የወረሩበት)፣ ብዙ ኮክስ-አልባ ክር፣ ቫኩዮል የሌለበት፤ ይህ ጥምረት የራሱ ስም አለው። «ፖሊማዮሳይቲስ ከማይቶኮንድሪያ ለውጥ ጋር» ይባላል። እንዲህ ያለ ባዮፕሲ ከነበራቸው ሰዎች አብዛኞቹ ውለው አድረው የኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ (ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ አዝጋሚ የጡንቻ በሽታ) ምልክት ያሳያሉ። ዛሬ ብዙዎች የዚያው በሽታ መጀመሪያ አድርገው ያዩታል።

ቀጠሮው እስኪደርስ ቤት ውስጥ ይህን እዪልኝ። እጃቸውን ሲጨብጡ የጣቶቻቸው ጫፍ መዳፋቸውን ይነካል? በጣትሽ የጣታቸውን ጫፍ ይዘሽ ለማቃናት ሞክሪ፤ ቶሎ ይለቃሉ? ግራና ቀኝ ይለያያል? ክንዳቸውን ወደ ጎን አንስተው አንቺ ወደ ታች ስትገፊስ? ሲውጡ ያንቃቸዋል?

ቀዝቃዛ_ስላይድ

የጡንቻ ናሙና የምቆርጥና ቀለም የምቀባ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን «ቫኩዮል አልታየም» የሚለው ላይ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ፣ ጠርዛማ ቫኩዮል ክሩ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ነገር ነው፤ ዳርዳሩን ቀይ ወይም ሐምራዊ ጥራጥሬ ይከበዋል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ በሰም ከተሠራ ጥራጥሬው ታጥቦ ይሄዳል። ባዶ ቀዳዳ ይቀራል፤ ያንን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሚታየው በቀዘቀዘ ናሙና ላይ፣ ትራይክሮም በሚባለው ቀለም ነው። የአባትሽ ናሙና በቅዝቃዜ መሠራቱን ግን ከሪፖርቱ ማወቅ ይቻላል። ፎርማሊን ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ኮክስ በሰም ናሙና ላይ አይሠራም። ኮክስ ከተሠራ ናሙናው በቅዝቃዜ ተሠርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የምናየው ትንሽዬ ቁራጭ ናት። በሽታው ደግሞ አንዱን ቦታ ነክቶ ሌላውን ይዘላል። ቫኩዮሉ እዚያች ቁራጭ ላይ ስላልታየ ጭኑ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ጠለቅ አድርጎ እንደገና መቁረጥ ይቻላል። ፒ62 እና ቲዲፒ-43 የሚባሉ የፕሮቲን ቅባቶችም አሉ፤ ቫኩዮል ሳይኖርም የተከማቸውን ፕሮቲን ያወጡታል። አሚሎይድ የሚባለውን የተዛባ ፕሮቲን ክምችት የሚያሳየው ኮንጎ ሬድ ቀለምም ቢቀባ ጥሩ ነው፤ በፍሎረሰንስ ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል።

እግረ መንገዴን፣ ለሁላችሁም፦ ግማሹ «እንግዳ ግኝት» የሚፈጠረው መንገድ ላይ ነው። ናሙናው ሳላይን ውስጥ ተንሳፍፎ ይመጣል። ወይም ቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይጨመራል። ያኔ ዙሪያውን የጋዝ ሽፋን ስለሚይዘው ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና ጡንቻው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይታያል። ደንበኛው አሠራር በመጠኑ በራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ ቶሎ ማምጣት፣ ከዚያም በናይትሮጅን በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን ማቀዝቀዝ ነው። ቫኩዮል ተብሎ የተጻፈ የበረዶ ቀዳዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

የአባቷ_ልጅ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ያልሽኝን… ይቅርታ፣ ያላችሁኝን ሞከርኩ።

የግራ እጃቸው ጠቋሚና መሐል ጣት ጫፍ መዳፋቸውን አይነካም። ጣቴን አስገብቼ ትንሽ ስስበው ወዲያው ተከፈተ። ቀኙ ይሻላል፤ ቀኝ እጅ ናቸው። ክንዳቸውን ግን ባለ በሌለ ኃይሌ ገፍቼ ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም! የሸሚዝ ቁልፍ የምትቆልፍላቸው እናቴ ናት። እሳቸው «ዓይኔ ነው» ነበር የሚሉት። ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል፣ እንጀራም ሲውጡ ቆም ብለው ደግመው ይውጣሉ።

ደነገጥኩ። ይህ መጥፎ ነው?

የሌሊት_ተረኛ

ይማርልሽ እህቴ። ቀጥታ ልንገርሽ፦ ይህ የፖሊማዮሳይቲስ አካሄድ አይደለም። ፖሊማዮሳይቲስ ቢሆን ትከሻና ዳሌ ቀድመው ይደክሙ ነበር፤ ግራና ቀኙም ይመሳሰል ነበር። የጣት ማጠፊያና የጭን ፊት ጡንቻ አብረው ሲደክሙ፣ ትከሻ ደህና ሆኖ፣ ከ45 ዓመት በኋላ፣ ከዓመት በላይ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ስቴሮይድም ሳይነካው ሲቀር፤ የምናስበው ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ባለሙያዎች ተሰብስበው ባወጡት መስፈርት ደግሞ ቫኩዮል የግድ አይደለም። የእጅና የጭኑ ድካም ሁለቱም ካሉ፣ ባዮፕሲው ላይ ከሚጠበቁት ምልክቶች አንዱ፣ ለምሳሌ በክሮች መካከል ያለ ብግነት፣ ይበቃል። ስለዚህ ያ «ያልተለመደ» የተባለው ሪፖርት ጣታቸውን ካየን በኋላ ያን ያህል ያልተለመደ አይሆንም።

ሲኬው መውረዱ እንዳያሳስትሽ። ስቴሮይድ ሲኬን ያወርዳል፣ ብግነቱንም ያበርዳል፤ ጉልበት ግን አይመልስም። በዚህ በሽታ የተለመደ ወጥመድ ነው።

መጥፎ ነው ወይ ላልሽው፦ አካሄዱ አዝጋሚ ነው። በዓመታት ነው የሚቆጠረው። እስካሁን ጉዞውን የሚያቆም የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ቢማግሩማብና አሪሞክሎሞል በትልልቅ ሙከራዎች አልተሳካላቸውም። የሚጠቅመው መጠነኛና ክትትል ያለው የአካል እንቅስቃሴ፣ ጉልበት የሚይዝ ድጋፍ፣ መውደቅን መከላከል ነው። ከሁሉ በፊት ግን መዋጣቸው ይታይ። ውሃ ሲጠጡ ማሳልን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ሁለተኛ_ዕድል

እኔ ተቃራኒው ነው የገጠመኝ፤ ስለዚህ «ስቴሮይድ አይሠራም» የሚለውን አንብቦ ሌላ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ልጻፍ።

አቶርቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት (ስታቲን) እወስድ ነበር። ጭኔና ትከሻዬ ደከመ፣ ሲኬ በሺዎች ገባ። ባዮፕሲው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሞቱና እያገገሙ ያሉ ክሮች ተበታትነው ይታያሉ፤ ብግነት የለም ማለት ይቻላል።» አንድ ሐኪም ይህን አይቶ «ማዮሳይቲስ አይደለም፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፣ ስታቲኑን አቁም ይለቅሃል» አለኝ። አቆምኩ። ሲኬው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ሌላ ሐኪም ናት አንቲቦዲ (የራስን ጡንቻ የሚያጠቃ የመከላከያ ፕሮቲን) በደም ያስመረመረችኝ፤ ኤችኤምጂሲአር የሚባለው ፖዘቲቭ ሆነ። ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር ስጀምር ነው ከአልጋ ቀና ያልኩት። ዛሬ ደረጃ እወጣለሁ።

«ብግነት የለም» ማለት ሁልጊዜ «የመከላከያ ሥርዓት በሽታ አይደለም» ማለት አይደለም።

የሌሊት_ተረኛ

ሁለተኛ_ዕድል በደንብ አስቀምጦታል። ያ ዓይነት ኔክሮታይዚንግ ማዮፓቲ ይባላል። ሊምፎሳይት (ብግነት ላይ የሚበዛው ነጭ የደም ሴል) ጥቂት ነው፤ የሚታዩት የሞተውን የሚያጸዱ ማክሮፋጆች ናቸው። ኤችኤምጂሲአር እና ኤስአርፒ ሁለቱ ዋና አንቲቦዲዎች ናቸው። ስታቲን ከቆመ በኋላም ሳምንታትና ወራት አልፎ ድካሙ ከቀጠለ፣ ወይም ሲኬው ካልወረደ፣ አንቲቦዲው መታየት አለበት።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አባትየውን የለየው የጣት ምርመራ ነው። ሁለተኛ_ዕድልን የለየው የደም ምርመራ ነው። ታዲያ ሰውን መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል? ደም ተወስዶ አንቲቦዲው ካልታወቀ ብቻ ለምን አይሠራም?

የሌሊት_ተረኛ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በከፊልም እየሆነ ያለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ዓለም አቀፍ መስፈርት ያለ ባዮፕሲም ነጥብ ይቆጥራል። ዓይን ቆብ ላይ ሐምራዊ ሽፍታ፣ የጣት መገጣጠሚያ ላይ ቀይ ጉብታ ያለበት ሰው የደርማቶማዮሳይቲስ (ቆዳንም የሚነካው የጡንቻ ብግነት) አንቲቦዲ ከተገኘበት ብዙ ጊዜ ጡንቻውን መቁረጥ አያስፈልግም።

ግን አንቲቦዲ የማይገኝባቸው ብዙ ናቸው። በትንሹ ብቻ ፖዘቲቭ የሚሆን ውጤትም ሰውን ያሳስታል። ባዮፕሲ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ይመልሳል። ብግነት ፈልገህ ገብተህ አሚሎይድ ታገኛለህ። ግራኑሎማ (የመከላከያ ሴሎች ጉብታ) ታገኛለህ። ያኔ ሳርኮይዶሲስ ነው? ታይመስ ዕጢ ነው? ካንሰርን በሚያክም የመከላከያ ማነቃቂያ መድኃኒት የመጣ ነው? የማይቶኮንድሪያ አንቲቦዲ ያለበትና ልብን የሚነካው ዓይነት ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ሌላ ምርመራ ይወስድሃል። በተለይ እነዚያን የካንሰር መድኃኒቶች በሚወስድ ሰው ላይ የዓይን ቆብ መውደቅና የጡንቻ ድካም አብረው ከመጡ ባዮፕሲው ሳይጠበቅ ልቡ በአስቸኳይ ይታያል።

የወንድሜ_ጠባቂ

ተጠራጣሪው፣ ባዮፕሲ ባይኖር ታናሽ ወንድሜ ዛሬም ስቴሮይድ እየዋጠ ነበር።

በ20ዎቹ መጀመሪያ ነው የጀመረው። ኳስ ተጫዋች ነበር፤ መጀመሪያ ያቃተው በጣቶቹ ጫፍ መቆም ነው። ሲኬው በሺዎች። ባዮፕሲ ላይ ብግነት ታየ፣ ፖሊማዮሳይቲስ ተባለ። አጥንቱ እስኪሳሳ ስቴሮይድ ወሰደ፤ ቅንጣት አልጠቀመውም። በኋላ ሌላ ፓቶሎጂስት ያንኑ ናሙና እንደገና አይቶ ዲስፈርሊን የሚባለውን ፕሮቲን ቀባ። ክሮቹ ላይ ጠፍቶ ተገኘ። የዘረመል ምርመራው አረጋገጠ። የጡንቻ ዲስትሮፊ (በዘር የሚመጣ የጡንቻ መመንመን) ነው፤ ሴሉ ሽፋኑ ሲቀደድ መጠገን ያቅተዋል፣ ብግነቱም ከዚያ ይመጣል።

ናሙናው አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ጥያቄው ነው።

ቀዝቃዛ_ስላይድ

ይህ ታሪክ ተደጋጋሚ ነው። ካልፔይን የሚጎድልበት ዲስትሮፊም አለ፤ እሱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ኢዮሲኖፊል (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ሞልቶበት ሊመጣ ይችላል። ኢዮሲኖፊል ሲታይ ሰው ሁሉ ወደ ጥገኛ ትል ነው የሚሮጠው። ትሉም መፈለግ አለበት፤ ልጅ ከሆነና ትል ከሌለ ግን ዘረመሉም ይታሰብ።

መድኃኒት_ቤት

ፋርማሲስት ነኝ። ባዮፕሲ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ታካሚው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ይጻፍ። ሁሉም! ሃይድሮክሲክሎሮኩዊንና ኮልቺሲን ጡንቻ ውስጥ ቫኩዮል ይፈጥራሉ። ለቆዳው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሚወስድ የደርማቶማዮሳይቲስ ታካሚ አስቡ። ድካሙ ሲብስበት ባዮፕሲ ይደረጋል፣ ቫኩዮል ይታያል። በሽታው ነው ወይስ ክኒኑ? ፓቶሎጂስቱ ካልተነገረው ከየት ያውቃል? በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ክሎሮኩዊን የሚተዋቸው ጠመዝማዛ አካላት ይለያሉ፤ ግን መጀመሪያ መጠርጠር አለበት።

ረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ሰውም ሁለተኛው ዓይነት (ፈጣኖቹ) የጡንቻ ክሮቹ ይቀጥናሉ። የአባትሽ ሪፖርት ላይ እሱም ካለ አትደንግጪ፤ የመድኃኒቱ አሻራ ነው።

የሌሊት_ተረኛ

በዚሁ ላይ፣ ኢኤምጂ መርፌ የገባበት ጡንቻ ላይ ቶሎ ባዮፕሲ አይወሰድም። መርፌው ራሱ ብግነት ይተዋል። በሌላኛው ጎን፣ ተመሳሳዩ ጡንቻ ላይ ነው የሚወሰደው። ጨርሶ የሞተ ጡንቻም አይመረጥም፤ ስብና ጠባሳ ብቻ ይወጣል። መጠነኛ ድካም ያለበት ይሻላል። ኤምአርአይ ካለ ያበጠውን ቦታ ያሳያል።

አወያይ

የአባቷ_ልጅን ጨምሮ ለሁሉም፦ እዚህ ባነበባችሁት ተነስታችሁ ፕሬድኒሶሎን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ለረጅም ጊዜ በወሰደው ሰው ላይ የሰውነትን ስቴሮይድ የሚያመርተው አድሬናል ዕጢ ሊተኛ ይችላል፤ ድንገት ማቆም ሕይወት ያሰጋል። መቀነስ ካለበት በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ ነው።

የአባቷ_ልጅ

ተመልሻለሁ። ቀጠሯችን ደረሰ።

ሐኪሙ ጣታቸውን አይተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ሪፖርቱን እንደገና አነበቡት። «እኔም የጠረጠርኩት ይህን ነው» አሉን። ስቴሮይዱ ቀስ እያለ እንዲወርድ መርሐ ግብር ሠርተውልናል። ሜቶትሬክሴቱ ቆሟል። ሲኤን1ኤ የሚባል አንቲቦዲ ተልኳል። የመዋጥ ምርመራም ታዟል፤ እስከዚያ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ ትንሽ እንዲጎነጩ ተነግሯቸዋል። ፊዚዮቴራፒም ጀምረናል።

አባቴ ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ታዲያ ይሄን ሁሉ ክኒን ለማን ብዬ ነው የዋጥኩት!» ተናደዋል፤ አልፈርድባቸውም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሐኪሙ ፒ62 ይቀባ ብለዋል። እንደገና ይቆረጡ ይሆን?

የሌሊት_ተረኛ

ሲኤን1ኤው ነጋቲቭ ቢመጣ ምርመራው ተሳሳተ ማለት አይደለም። ብዙ የዚህ በሽታ ታካሚዎች የላቸውም። ፖዘቲቭ ቢሆንም ሾግረንና ሉፐስ በሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሥርዓት በሽታዎች ታካሚዎች ላይም ይታያል። ተጨማሪ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

ቀዝቃዛ_ስላይድ

ብዙ ጊዜ እንደገና መቁረጥ አያስፈልግም። የተረፈው የቀዘቀዘ ናሙና ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ወደ ሠራው ላብራቶሪ ደውለሽ «የቀዘቀዘ ብሎክ ቀርቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሪፖርቱን ቁጥር ያዢ። ካለ፣ ሐኪሙ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ፒ62 እና ቲዲፒ-43 አንድ ላይ ይቀቡ፣ ጠለቅ ብሎም ይቆረጥ። ወደ ሌላ ላብራቶሪ መላክ ካስፈለገ በደረቅ በረዶ ነው የሚሄደው። በመደበኛ የበረዶ ከረጢት እንዳይልኩት ንገሪያቸው፤ ከቀለጠ በኋላ ምንም አይሠራለትም።